ቅዱስ ዲዮናስዮስ ዘእስክንድርያና የሺው ዓመት ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ዲዮናስዮስ ዐሥራ አራተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነው። የተወለደው ከአረማውያን ወገን ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከአንዲት አረጋዊት መበለት የቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የተጻፈባቸውን ጥቂት ቅጠሎች ገዝቶ አነበበ፤ ቀሪውን ሲፈልግም ወደ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከአርጌንስ ተምሮ የእስክንድርያን የትምህርተ ሃይማኖት ትምህርት ቤት መራ፤ እ.ኤ.አ. በ247 በመንበረ ማርቆስ ተቀመጠ። በዳክዮስ ስደት ወታደሮች ይዘውት ሳለ ለሰርግ የተሰበሰቡ የገጠር ሰዎች ደርሰው አስጣሉት፤ በቫሌርያኖስም ዘመን ወደ ሊቢያ ተጋዘ።

ስደቱ ከውጭ ነበር። በአርሲኖኤ (በዛሬው ፋዩም) የገጠመው ፈተና ግን ከቤት ውስጥ የተነሣ ነው። በዚያ ኔፖስ የተባለ ጳጳስ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 20 የተጻፈውን ሺህ ዓመት በቁሙ ቆጥሮ፣ ክርስቶስ በምድር ላይ ሺህ ዓመት ይነግሣል፣ ቅዱሳንም በሥጋዊ ደስታ ይኖራሉ ብሎ አስተማረ፤ በምሳሌ የሚተረጕሙትንም የሚቃወም መጽሐፍ ጻፈ። እንግዳ አሳብ አልነበረም፤ ፓጲያስና ቅዱስ ሄሬኔዎስን የመሰሉ ቀደምት አባቶችም ሺሁን ዓመት በቁሙ ተቀብለውት ነበር። ኔፖስ ራሱ መጻሕፍትን የመረመረ፣ ምእመናን የሚወዱትን ዝማሬ የደረሰ ሰው ነው። ዲዮናስዮስ ወደ አርሲኖኤ በመጣ ጊዜ ግን እርሱ አርፎ ነበር። የሞተን፣ ያውም የሚወደድን መምህር ማረም ምን ያህል እንደሚከብድ በጉባኤ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ዝም እንዳይል ደግሞ መንደሮች ተከፍለው፣ አብያተ ክርስቲያናት እስከ መለየት ደርሰው ነበር።

ሊቀ ጳጳሱ ከመንበሩ የውግዘት ደብዳቤ መላክ ይችል ነበር። እርሱ ግን ራሱ ሄደ። የየመንደሩን ካህናትና መምህራን ሰብስቦ፣ የኔፖስን መጽሐፍ በመካከል አስቀምጦ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ከእነርሱ ጋር መረመረ። ኔፖስን በእምነቱና በትጋቱ አከበረው፤ ስሕተቱን ግን አልሸፈነለትም። ተሰብሳቢዎቹም በትዕግሥት ጠየቁ፤ አንዴ ስለ ያዝነው ብቻ አንለቅም አላሉም። የትምህርቱ መሪ የነበረው ቆራቅዮንም ከእንግዲህ እንደማያስተምረው በሁሉ ፊት ቃል ገባ።

በቁሙ ማንበብ ሁልጊዜ ስሕተት አለመሆኑን ልብ ይሏል። ኤርምያስ የተናገረውን 70 ዓመት ነቢዩ ዳንኤል እንደ ንባቡ ቆጥሮታል፤ ሰባው ሱባዔ ግን ሳምንቱ በዓመት ተተርጕሞ 490 ዓመት ይሆናል። የራእዩን ሺህ ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን የምትረዳው ሰይጣን በጌታ መስቀል ከታሰረበት ጀምሮ እስከ ዳግም ምጽአት ያለው ዘመን እንደሆነ ነው፤ ሺህ ፍጹም ቍጥር ነውና።

ዲዮናስዮስ ከዚያ በኋላ ስለ ተስፋዎች ሁለት መጻሕፍት ጻፈ። ለእኛ የደረሰው ግን አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ያቆየው ክፍል ነው። በዚያ ራእዩን የናቁ ሰዎች እንደ ነበሩ ጠቅሶ፣ እርሱ ግን ያልገባውን ከመናቅ ከአእምሮው በላይ ነው ብሎ ማመንን መረጠ። የጽርዕ ቋንቋውን ከወንጌሉ ጋር አስተያይቶ ጸሐፊው ሌላ ዮሐንስ ነው እስከ ማለት መድረሱ ግን አይካድም። በዚህ ቤተ ክርስቲያናችን አልተከተለችውም፤ ጸሐፊው ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደሆነ ታስተምራለች።

በእርጅናው በጳውሎስ ሳምሳጢ ጉዳይ ወደ አንጾኪያ ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። መሄድ ስላልቻለ አሳቡን በደብዳቤ ላከ፤ እ.ኤ.አ. በ264 ገደማም ዐረፈ።

በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።