የቡጢኛው የጆ ሉዊስ ታሪክ

በአሜሪካ አገር በስተደቡብ በኩል አላባማ የሚባል ክፍለ አገር አለ። በዚያ በ1914 ዓመተ ምሕረት ጆ ሉዊስ ባሮው የሚባል ልጅ ተወለደ። በዚህ ታሪክ ያለውን ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ። አባቱም እናቱም ከባርነት ነጻ ከወጡ ሰዎች የተወለዱ ነበሩ። የራሳቸው መሬት አልነበራቸውምና በሌላ ሰው መሬት ላይ እያረሱ ከምርቱ ድርሻ የሚከፍሉ ጢሰኞች ነበሩ። ልጆቻቸው ስምንት ሲሆኑ ጆ ሰባተኛው ነው። አፉ በቶሎ አልተፈታም ፤ እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነበረ።

ገና ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ አእምሮውን ታመመና ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ ወደ ተሠራ የሕሙማን ቤት ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ሞቷል የሚል ወሬ መጣ። እናቱም ወሬውን እውነት መስሎአት ሌላ ባል አገባች። ዳሩ ግን አባትዮው አልሞተም ነበር። እስከ 1938 ድረስ በዚያው ቤት ኖረ። የልጁ ስም በዓለም ሁሉ በተጠራ ጊዜ እርሱ ምንም አላወቀም ፤ ልጁም አባቱ በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ አደገ።

በ1926 ፊታቸውን ሸፍነው ጥቁሮችን የሚያስጨንቁ ሰዎች ቤተ ሰቡን ስላስፈራሩአቸው ወደ ሰሜን ሸሽተው ዲትሮይት ወደሚባል ከተማ ገቡ። ዲትሮይት አውቶሞቢል የሚሠራበት ታላቅ ከተማ ነው። ጆ እዚያ የእንጨት ሥራ ተማረ። እናቱ ግን ልጅዋ ከክፉ ባልንጀሮች እንዲርቅላት ብላ ቫዮሊን እንዲማር ገንዘብ ትሰጠው ጀመር። ቫዮሊን እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመታ ፥ ነገር ግን አራት ክር ያለው የዜማ መሣሪያ ነው። ልጁ ገንዘቡን ቡጢ ወደሚለማመዱበት ቤት ወሰደው ፤ የቡጢውን ጓንትም በቫዮሊኑ ሣጥን ውስጥ ይሸሽገው ነበር ይባላል። እናቱ ነገሩን ባወቀች ጊዜ አልከለከለችውም ፤ የጀመረውን በትጋት እንዲሠራ ነግራ ፈቀደችለት።

በ1932 ያደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ሽንፈት ሆነበት። በዚያ ቀን ደጋግሞ መሬት ላይ ወደቀ። ቢሆንም ተስፋ አልቈረጠም ፤ በ1934 በገንዘብ የሚገጥም ቡጢኛ ሆነ። ጃክ ብላክበርን የሚባል በቀድሞ ዘመን ቡጢኛ የነበረ ሽማግሌ አስተማሪው ነበረ። እርሱም የእግሩን አረማመድና የእጁን አሰነዛዘር አስተካከለለት። ሥራውን የሚመሩለት ሰዎች ደግሞ በወደቀ ሰው ላይ እንዳይኰራ ፥ ስለ ድሉም በሰው ፊት እንዳይመካ አስጠነቀቁት። በዚያ ዘመን የጥቁር ሰው ድል ብዙ ነጮችን ያስቈጣ ስለ ነበረ ይህ ማስጠንቀቂያ ለጠባይ ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም የሚያስፈልግ ነበረ።

በ1935 በወርኀ ሰኔ በኒው ዮርክ ከተማ ፕሪሞ ካርኔራ ከሚባል ኢጣልያዊ ጋራ ገጠመ። ካርኔራ እጅግ ረጅም ሰው ነው ፤ በክብደትም ከጆ ሉዊስ 30 ኪሎ ያህል ይበልጥ ነበር። በዚያው ጊዜ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ያዘጋጅ ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ ጥቁሮች ግጥሚያውን እንደ ጨዋታ ብቻ አላዩትም ፤ ካርኔራን እንደ ኢጣልያ ፥ ጆ ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ አድርገው ተመለከቱት። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ተሸነፈ። በየከተማው ያሉ ጥቁሮች ወደ መንገድ ወጥተው እልል አሉ። ከሦስት ወር በኋላ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ ፤ የቡጢ ድል የጦር መርከብን አያስቀርምና። ቢሆንም ኢትዮጵያን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች በዚያ ሌሊት ስለ እርስዋ ተደስተው ነበር።

በ1936 ማክስ ሽሜሊንግ የሚባል ጀርመናዊ አሸነፈው። በዓመቱ በ1937 ግን ጆ ሉዊስ ጄምስ ብራዶክን አሸንፎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በ1938 ደግሞ ከሽሜሊንግ ጋራ ሁለተኛ ተገናኙ። የጀርመን ገዢዎች የነጭ ዘር ከጥቁር ይበልጣል እያሉ ይሰብኩ ስለ ነበረ ዓለም ሁሉ ጆሮውን ወደ ራዲዮ አቀና። ግጥሚያው 124 ሰከንድ ብቻ ፈጀ ፤ ሽሜሊንግ ወደቀ። ሽሜሊንግ ራሱ የናዚ ማኅበር አባል አልነበረም። ከጥቂት ወር በኋላ በበርሊን አይሁድ ሲሳደዱ ሁለት የአይሁድ ልጆችን ሸሽጎ አድኗል። ከዓመታት በኋላም ሁለቱ ሰዎች ወዳጆች ሆኑ።

ጆ ሉዊስ እስከ 1949 ድረስ ሻምፒዮንነቱን 25 ጊዜ ጠበቀ። በከባድ ሚዛን እስከ ዛሬ ይህን ያህል የጠበቀ የለም። ሲበለጽግም ድህነቱን አልረሳም ፤ ችግረኞች ሳሉ የዲትሮይት ከተማ ለቤተ ሰቡ የሰጠውን የእርዳታ ገንዘብ ቈጥሮ መለሰ። ጦርነት በተነሣ ጊዜ በ1942 ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ገጥሞ ያገኘውን ገንዘብ አንዱን ለባሕር ኃይል ፥ ሁለተኛውን ለምድር ጦር የእርዳታ ማኅበር ሰጠ። ወደ ብዙ ሰፈር እየሄደ በ96 ትርኢት ሁለት ሚሊዮን ለሚሆኑ ወታደሮች ቡጢ አሳየ። መንግሥትም ኒሻን ሸለመው።

አሁን የመከራው ነገር ይጀምራል። ስለ ግብር ጥቂት ላስረዳ። በአሜሪካ አገር ሰው ካገኘው ገንዘብ ለመንግሥት ግብር ይከፍላል ፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል። ጆ ሉዊስ ለጦሩ የሰጠውን ገንዘብ የግብር ሹሞች እንደ ገቢው ቈጠሩበት ፤ ገንዘቡ አንድ ቀን እንኳ በኪሱ ባያድርም ግብሩን ጠየቁት። ባልተከፈለው ላይ ወለድና ቅጣት ተጨመረበት። ዕዳ እንደ እርሾ ነው ፤ ማታ ትንሽ የነበረው ጧት ከማሰሮው ይፈሳል። እንዲህ እያለ ዕዳው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

እውነቱን ስንናገር ጥፋቱ የሹሞቹ ብቻ አይደለም። በቡጢ ዘመኑ ከአራት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኝቶ ነበር ፤ ለእርሱ የደረሰው ግን ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ነው ፤ ሌላው ለአስተዳዳሪዎቹና ለወጪ ሄደ። ሒሳቡን ሌሎች ይይዙለት ነበር ፥ እርሱም አይመረምርም። ለለመነው ሁሉ ይሰጣል ፤ በጎልፍ ጨዋታም ብዙ ገንዘብ እየተወራረደ ያጠፋ ነበር። ለጋስነት መልካም ነው ፤ ሒሳብ የማያውቅ ለጋስ ግን የገዛ ቤቱን ጣራ አፍርሶ ለጎረቤቱ ማገዶ እንደሚሰጥ ሰው ነው።

ዕዳውን ለመክፈል ሲል በ36 ዓመቱ ወደ ቡጢ ተመለሰ። በ1950 ኤዛርድ ቻርልስ አሸነፈው። በ1951 ሮኪ ማርሲያኖ የሚባል ወጣት በስምንተኛው ዙር ከገመዱ ውጭ ጣለው። ማርሲያኖ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆ ሉዊስን ይወድ ስለ ነበረ ድል አድርጎ ሳለ አለቀሰ። እናቱም በ1953 ስትሞት ያወረሰችውን ጥቂት ገንዘብ የግብር ሹሞች ወሰዱት። ጆ ሉዊስ ከዚህ በኋላ ለተመልካች በሚደረግ የትግል ትርኢት ገንዘብ ይፈልግ ጀመር። በሻምፒዮንነቱ ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች ይህን ሲያዩ አፈሩ ፤ እርሱ ግን ከመስረቅ ይሻላል ብሎ የሠራውን ሥራ ማፈሪያ ማድረግ አይገባም። ከ1960 በኋላ የግብር ሹሞች ዕዳው በሙሉ ሊከፈል እንደማይቻል አይተው ካገኘው ብቻ እንዲከፍል ተስማሙ።

በእነዚያ ዓመታት ኮኬይን ከሚባል ዕፅ ጋራ ተዋወቀ። ኮኬይን ለጥቂት ጊዜ ብርታትና ደስታ የሚሰጥ ይመስላል ፤ በኋላ ግን ሱስ ይሆንና አእምሮን ያናውጣል። በ1969 ጆ ሉዊስ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ወደቀና ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያን ጊዜ ድካም ነው ተባለ ፤ ምክንያቱ ዕፁ እንደ ነበረ ኋላ ተገለጠ። ከዚህም ጋራ ብርቱ ፍርሃት ያዘው። ሊገድሉኝ የሚያሤሩ ሰዎች አሉ ፥ በነፋስ መግቢያው በኩል መርዝ ይልኩብኛል ብሎ አመነ። በሚያድርበት ክፍል ሁሉ የነፋሱን ቀዳዳ ይደፍን ፥ አልጋውንም እንደ ድንኳን ይሸፍን ነበር። ካርኔራን ያልፈራ ሰው ከባዶ ቤት ነፋስ የተነሣ እንቅልፍ አጣ።

እንዲህ ያለውን ሰው ዘመዶቹ ሊቈጡት ፥ ወዳጆቹም ሊስቁበት ይችላሉ። አንዳንድ ቤተ ሰብም ነገሩን ነውር አድርጎ በሽተኛውን ከሰው ዓይን ይሸሽጋል። ሚስቱ ማርታ ግን እንዲህ አላደረገችም። ማርታ ጠበቃ ነበረች ፤ በ1959 ነው የተጋቡት። እርስዋና ከፊተኛ ሚስቱ የተወለደው ልጁ ተማክረው ሕጉ በሚያዝዘው መንገድ በ1970 በዴንቨር ከተማ ወደ አእምሮ ሐኪሞች አስገቡት። ጆ ሉዊስ በፈቃዱ አልሄደም ፤ የሕግ አስከባሪዎች መጥተው ከቤቱ ወሰዱት። ለወዳጅ ከዚህ የሚከብድ ሥራ ያለ አይመስለኝም ፤ የሚወዱት ሰው እንደ ጠላት ሲያይ ችሎ መቆም ነው።

በሆስፒታል አምስት ወር ያህል ቈየ። ፍርሃቱ ፈጽሞ ባይጠፋለትም ወደ ቤቱ ተመልሶ ከሰው ጋራ ለመኖር በቃ። አባቱ ወደ ሕሙማን ቤት በገባ ጊዜ እንደ ሞተ ተቈጥሮ ነበር ፤ ልጁ ግን በገባበት በር የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት ፥ በዚያውም በር ወጣ።

የሕመሙን ምክንያት በአንድ ነገር ላይ ብቻ መጣል አይገባም። የአባቱ ሕመም አለ ፥ ዕፁ አለ ፥ የዕዳው ጭንቀት አለ። የቡጢውም ነገር አይረሳም። ራስ ደጋግሞ ሲመታ አንጎል በአጥንቱ ውስጥ ይናጣል ፤ በላይ ቍስል ሳይታይ በውስጥ ይጎዳል። ማርትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ብዙ የተመቱ ቡጢኞች እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱና አእምሮአቸው እንደሚደክም በ1928 ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ ግን የሰማው ጥቂት ነው። ማይክ ዌብስተር የሚባል ታላቅ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ቤቱን ፥ ገንዘቡንና አእምሮውን አጥቶ በመኪናው ውስጥና በባቡር ጣቢያ እያደረ በ2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። ቤኔት ኦማሉ የሚባል በናይጄሪያ የተወለደ ሐኪም አንጎሉን መርምሮ ለብዙ ዓመት ከደረሰበት ምት የመጣ ጕዳት አገኘ። ዌብስተርን በጣቢያው ያዩ መንገደኞች ሰነፍ ወይም ሰካራም መስሎአቸው አልፈውት ይሆናል።

ጆ ሉዊስ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በላስ ቬጋስ ከተማ በአንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆነ። ሆቴሉ የቁማር ቤት ያለበት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለእርሱ ጤና የሚስማማ ነበረ ለማለት አልደፍርም ፤ ነገር ግን የሚበላውን እንጀራ አገኘበት ፥ የቀድሞ ዘመኑን የሚያስታውሱ ሰዎችም እጁን ለመጨበጥ ይሰለፉ ነበር። በ1977 ልቡን ታሞ ከተቀደደ በኋላ መራመድ ተስኖት በተሽከርካሪ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ማርታ ወንበሩን እየገፋች አስታመመችው።

በ1981 በኤፕሪል 12 ቀን በ66 ዓመቱ ሞተ። አርሊንግተን በሚባለው የአሜሪካ ወታደሮች መቃብር ለመቀበር የሚያስፈልገው ሥርዐት ለእርሱ አልተሟላም ነበርና ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዐቱን አንሥተው በወታደር ክብር እንዲቀበር ፈቀዱ። ለቀብሩ ወጪ ገንዘብ ከረዱት ሰዎች አንዱ በ1938 በ124 ሰከንድ የጣለው ማክስ ሽሜሊንግ ነበረ።