ጀፈርሰን እና ያመለጠችው የቨርጂኒያ ድምፅ

ቶማስ ጀፈርሰን በፈረንጆቹ 1743 ቨርጂኒያ ተወለደ። የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ያረቀቀው እሱ ነው። በ1796 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ግን በጆን አዳምስ በኤሌክቶራል ድምፅ 71 ለ68 ተረታ። የሚያስቆጨው ደግሞ ከአዳምስ ድምፆች አንዷ የመጣችው ከራሱ ከጀፈርሰን አገር ከቨርጂኒያ ነበር! ያኔ ቨርጂኒያ ድምፆቿን የምትሰጠው በየወረዳው ስለነበር አንድ ሁለት ማምለጡ አይቀርም።

በጃንዋሪ 1800 ለገዥው ለጄምስ ሞንሮ ደብዳቤ ጻፈ። በወረዳ መምረጥ የተሻለ ነው፣ ግን ሁሉም ግዛት ካደረገው ነው፤ ሌላው ጠቅልሎ እየሰጠ እኛ ብንከፋፍል ሞኝነት ነው ባይ ነበር። በዚያው ወር የቨርጂኒያ ምክር ቤት ሕጉን ቀየረ። በግዛቱ ያሸነፈ 21ዱንም ይወስዳል ተባለ። እንግዲህ ጀፈርሰን የተሻለ ያለውን ትቶ የሚያዋጣውን ያዘ ማለት ነው።

የአዳምስ ማሳቹሴትስም ዝም አላለችም፤ ምርጫውን ከሕዝቡ ወስዳ ለምክር ቤቷ ሰጠችና 16ቱንም ለአዳምስ አስገባች።

ያም ሆኖ ጀፈርሰን አዳምስን 73 ለ65 አሸነፈ (ከአሮን በር ጋር እኩል ወጥቶ የመጣው ጣጣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው)። ስምንት ዓመት መርቶ ጁላይ 4 ቀን 1826 ሞተ፤ አዳምስም በዚያው ቀን። ዛሬ በወረዳ የሚያካፍሉት ግዛቶች ሜይንና ነብራስካ ብቻ ናቸው።