ሮበርት ገርቪግ፤ የሰዓትና የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ከራይን ወንዝ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ ሽቫርትስቫልድ ማለት ጥቁር ደን የሚባል ተራራማ አገር አለ። የአገሩ ስም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የቤት ቅርጽ ያለውንና በየሰዓቱ ከመስኮቱ ብቅ የምትል ኩኩ ወፍ ያለችበትን የግድግዳ ሰዓት ነው። ይህ ቅርጽ ከጥንት ጀምሮ በእንጨት ጠራቢ ገበሬዎች እጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቅርጹ የተገኘው በ1850 ዓ.ም. ከወጣ ውድድር ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ውድድሩን ያወጣውም ሰዓት ሠሪ ሳይሆን የመንገድና የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ የነበረው ሮበርት ገርቪግ ነው።

ገርቪግ የባደን ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው በካርልስሩኸ ግንቦት 2 ቀን 1820 ተወለደ። በዚያው ከተማ በፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ በባደን መንግሥት የመንገድና የውሃ ሥራዎች አገልግሎት ገባ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ፉርትቫንገን በምትባል የተራራ ከተማ አዲስ የተቋቋመውን የሰዓት ሠሪዎች ትምህርት ቤት በዲሬክተርነት እንዲመራ ተሾመ።

የተላከበት ሥራ ቀላል አልነበረም። የጥቁር ደን ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሰዓት ሲሠሩ ኖረዋል። መጀመሪያ ጎማውንም ሳጥኑንም ከእንጨት ይጠርቡ ነበር፤ ቆይቶ የጎማውን ሥራ ናስ ተካው። ሥራውም በየቤቱ ተከፋፍሎ አንዱ ሳጥን ሲሠራ፣ ሌላው የፊቱን ገበታ ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ሰንሰለት ያበጃል። ነጋዴዎች የተሠራውን ሰዓት በጀርባቸው ተሸክመው እስከ እንግሊዝና ሩሲያ ድረስ ይሸጡ ነበር። በ1840ዎቹ ግን በአሜሪካ ፋብሪካዎች በመኪና የሚመረት ርካሽ የናስ ሰዓት ወደ አውሮፓ ገበያ ገባ፤ በእጅ የሚሠራውም ሰዓት ገዢ እያጣ ሄደ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ሰዓት ሠሪው ሕዝብ እንጀራውን እንዳያጣ ነው።

የሠሪዎቹ ጉድለት የእጅ ብልሃት አልነበረም። ለዚህ የኩኩው መሣሪያ ብቻ በቂ ምስክር ነው። ሰዓቱ ሲሞላ የመምቻውን ጎማዎች የያዘው መቆለፊያ ይለቃል፤ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ክብደት ጎማዎቹን ያዞራል፤ በአንደኛው ጎማ ላይ የተተከሉት ችንካሮችም ሁለት ትናንሽ ወናፎችን በየተራ ከፍ እያደረጉ ይለቃሉ። ወናፎቹ ሲወድቁ አየራቸውን በሁለት የእንጨት ዋሽንቶች ውስጥ ይተነፍሳሉ፤ አጭሩ ዋሽንት ቀጭኑን፣ ረጅሙ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል። ወፊቱ ራሷ ድምፅ የላትም፤ ሥራዋ ጎንበስ ቀና ማለት ብቻ ነው። ይህን ብልሃት በ1730ዎቹ የፈለሰፈው የሾንቫልዱ አንቶን ኬተረር ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሆኖም አታናሲዩስ ኪርኸር የተባለው ሊቅ በ1650 ባሳተመው መጽሐፍ በመሣሪያ የምትጮህ ኩኩ ስላለች፣ የኬተረር ድርሻ በጣም አጠራጣሪ ነው።

የጎደለው የጋራ መለኪያና የሥራ ንድፍ ነበር። አንዱ ቤት የሠራው ጎማ ሌላው ቤት ለሠራው ሳጥን የማይስማማ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሠሪ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ከፋብሪካ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ስለዚህ በገርቪግ ትምህርት ቤት ወጣቶች ከሰዓት ሥራው ጋር ሒሳብና የንድፍ ሥራ ይማሩ ጀመር። ከ1852 ጀምሮም ገርቪግ አሮጌ ሰዓቶችን ያሰባስብ ነበር፤ ዛሬ በፉርትቫንገን ያለው የጀርመን የሰዓት ሙዚየም መሠረቱ ይህ ስብስብ ነው።

ገርቪግ በመስከረም 1850 ለሰዓት ሳጥን ዘመናዊ ቅርጽ እንዲቀርብ ለሕዝብ ውድድር አወጣ። ከቀረቡት ንድፎች ሁሉ ዘመን የተሻገረው የፍሪድሪኽ አይዘንሎር ነው። አይዘንሎር በራይን ሸለቆ በሚያልፈው የባደን ባቡር መስመር ላይ ያሉትን አብዛኞቹን ሕንፃዎች የነደፈ አርክቴክት ስለነበረ፣ የሐዲድ ጠባቂን ቤት ፊት ወስዶ የሰዓት ገበታ አገባበትና ዙሪያውን በሐረግ አስጌጠው። በንድፉ ላይ ኩኩ አልነበረችም፤ በጥቁር ደን ተራሮችም ውስጥ ገና ባቡር አልገባም ነበር። ጠራቢዎቹ ንድፉን እንደ ተሰጣቸው አልተዉትም። ኩኩዋን ጨመሩበት፤ ጠፍጣፋውን ሐረግ ወደ ጎላ ቅርጽ ለወጡት። የአይዘንባኹ ዮሐን ባፕቲስት ቤሃ በ1862 የአጥንት ቀስቶችና የጥድ ፍሬ የሚመስሉ ክብደቶች ያሏቸው ሰዓቶች አወጣ። አይዘንሎር በ1854 ስለሞተ ይህን አላየም። ቢያይ ንድፌ ተበላሸ ሳይል አይቀርም ነበር፤ ገዢው ግን የወደደው የተጌጠውን ነው።

ገርቪግ ትምህርት ቤቱን በ1857 ለቀቀ። ትምህርት ቤቱም በ1863 ተዘግቶ በ1877 እንደገና ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስሙን ያስጠራለት ሥራ፣ ከኦፈንቡርግ እስከ ዚንገን የሚደርሰው የጥቁር ደን ባቡር ነው። ከሆርንበርግ እስከ ዛንክት ጌኦርገን በቀጥታ ቢለካ ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን 448 ሜትር ነው። በዘመኑ የነበረው ሎኮሞቲቭ እንዲህ ያለውን ዳገት በቀጥታ ሊወጣ አይችልም። ገርቪግ ሐዲዱን በተራራው ጎን በሁለት ታላላቅ ቀለበቶች አዙሮ መንገዱን ወደ 26 ኪሎ ሜትር አስረዘመውና ዳገቱን በ1000 ሜትር ከ20 ሜትር እንዳይበልጥ አደረገው። ለዚህም ከ30 የሚበልጡ ዋሻዎች ተቆፈሩ፤ ረጅሙ የዞመራው ዋሻ 1697 ሜትር ነው። መስመሩ በኅዳር 1873 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ቀለል ያለው መንገድ በሺልታኽ በኩል ቢሆንም በጎረቤቱ በቩርተምበርግ ምድር ስለሚያልፍ ባደን አልተቀበለውም። በፉርትቫንገን በኩል የሚያልፍ ሦስተኛ አሳብም ነበረ፤ እሱም ቀረ። ገርቪግ ሰባት ዓመት ያስተማረባት የሰዓት ከተማ ባቡር ያገኘችው በ1893 ነው፤ ያውም ቅርንጫፍ መስመር።

በ1872 የስዊስ ጎትሃርድ ባቡር ዋና መሐንዲስ ሆነ። እዚያ ግን ግምቱ አልያዘለትም። በቴሲን ሸለቆዎች በ1874 መጨረሻ የተከፈቱት መስመሮች ከተመደበላቸው ገንዘብ እጅግ አልፈው ሄዱ፤ በ1875ም ቦታውን ለቀቀ። ተተኪው ቪልሄልም ሄልቫግ ሒሳቡን እንደገና ሲሠራ፣ 187 ሚሊዮን ፍራንክ የተባለው ጠቅላላ ግምት 102 ሚሊዮን ያህል ጎድሎ ተገኘ። ይህን ጉድለት ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግምቱ የወጣው ገርቪግ ከመሾሙ በፊት ነበርና።

ወደ ባደን አገልግሎት ተመልሶ፣ ከዚያው ከ1875 ጀምሮም የጀርመን ምክር ቤት አባል ሆኖ ሠራ። የመጨረሻ ሥራው ከፍራይቡርግ ወደ ኖይሽታት በሆለንታል ገደል የሚወጣው መስመር ነበር። እዚህ ለቀለበት የሚሆን ቦታ ስላልነበረ፣ ዳገቱም በ1000 ሜትር እስከ 55 ሜትር ስለሚደርስ፣ በሐዲዱ መካከል ጥርስ ያለው ብረት አስገባ፤ ሎኮሞቲቩ በጥርሳም ጎማው እየነከሰው ይወጣ ነበር። ገርቪግ ታኅሣሥ 6 ቀን 1885 በካርልስሩኸ ሞተ። መስመሩ በግንቦት 1887 ተከፈተ፤ ጥርሱም እስከ 1933 ድረስ ሲሠራ ቆየ።