አርኪሜደስ፡ ከባዱን በጥቂት ጉልበት ማንሣት ያስተማረ ሊቅ

በደሴ ዙሪያ ተዳፋቶች ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉ የሚቆረጠው፣ በኮምቦልቻ አካባቢ ያደገ ረጅም የማንጎ ዛፍም ፍሬው የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ነው። እግር ሲያዳልጥ ወይም ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚጎዳው የቤተሰቡ ጉልበት የሆነው ሰው ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅ ፍሬም ይፈርጣል፤ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል።

ሰውን በቅርጫት ይዘው ወደ ዛፍ ጫፍ የሚያደርሱ ማሽኖች ዛሬ በዓለም ላይ አሉ። እነዚህ ማሽኖች የቆሙበትን ሕግ በሒሳብ አረጋግጦ ያስቀመጠው ግን ከሞተ ከ2,200 ዓመት በላይ የሆነው አርኪሜደስ ነው።

የሰራኩስ ልጅ

አርኪሜደስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 ገደማ፣ በዛሬዋ ጣሊያን በሲሲሊ ደሴት በምትገኘው ሰራኩስ ከተማ ነው። አባቱ ፊዲያስ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። አርኪሜደስ በግብፅ እስክንድርያ ከነበሩ ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ የምድርን ዙሪያ በመለካት የሚታወቀው ኤራቶስቴንስ ከእነርሱ አንዱ ነው።

ስሙ ከውኃ ጋርም ይነሣል። በቱቦ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ እየዞረ ከዝቅተኛ ቦይ ውኃ ወደ ማሳ የሚያወጣው መሣሪያ እስከ ዛሬ የአርኪሜደስ ብሎን ይባላል። ከወንዝ ዳር ከፍ ብሎ የሚገኝ ማሳ ያለው የቦርከና ተፋሰስ አርሶ አደር የዚህን መሣሪያ ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም።

ድጅኖና ገመድ

ድንጋይ በድጅኖ የፈነቀለ ሁሉ የአርኪሜደስን ሕግ በእጁ ያውቀዋል። ድጅኖው ከተደገፈበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ ያለው ርቀት 1 ክንድ፣ እስከ እጅ ያለው ደግሞ 4 ክንድ ከሆነ፣ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሸክም በ20 ኪሎ ግራም ኃይል ይነሣል። ሰው ይህን በልማድ ከአርኪሜደስ በፊትም ይሠራበት ነበር። የእርሱ ድርሻ ስለ ሚዛን በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱን ማረጋገጡ ነው።

በከራ ወይም ፑሊም እንዲሁ ነው። ሸክሙ በ4 የገመድ መስመሮች ላይ ከተንጠለጠለ እያንዳንዱ መስመር ሩቡን ይሸከማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ዋጋው ግን አለ፤ ሸክሙ 1 ሜትር ከፍ እንዲል 4 ሜትር ገመድ መሳብ ያስፈልጋል። የጥንት ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደተረከው፣ አርኪሜደስ በንጉሥ ሂየሮን ፊት ሰውና ጭነት የሞላበትን መርከብ ተቀምጦ በበከራ ስቦታል።

ጦርነትና ሞት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ214 ገደማ የሮም ጦር በማርሴሉስ መሪነት ሰራኩስን ከበባት። ሊቁ በስተርጅናው ዕውቀቱን ለከተማው መከላከያ አዋለ። ከግንቡ ላይ ተዘርግተው መርከብ በመንጠቆ የሚያነሡና የሚገለብጡ ማንሻዎቹ የሮምን ባሕር ኃይል አሸበሩ። ከተማዋ በ212 ስትወድቅ አንድ ወታደር ገደለው። ማርሴሉስ በሞቱ ማዘኑ ተጽፏል።

በመቃብሩ ላይ የሉልና የሲሊንደር ቅርጽ ተቀርጾ ነበር። ከ137 ዓመት በኋላ የሮም ባለሥልጣን የነበረው ሲሴሮ ቦታውን ሲፈልግ ያገኘው በእሾህና በቁጥቋጦ ተውጦ ነው፤ ማጭድ የያዙ ሠራተኞች መንጥረው መንገድ ከፈቱ።

ከመርከብ ወደ ፍሬ ዛፍ

በ1940ዎቹ ጄይ አይቴል የተባለ አሜሪካዊ በመሰላል ቼሪ መልቀም ቢያታክተው ሰውን በቅርጫት የሚያነሣ ማሽን ፈለሰፈ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ዛሬም የሚጠራው በቼሪ ለቃሚነት ስም ነው። በከተሞች የመንገድ መብራትና የኤሌክትሪክ መስመር የሚጠገንበት ባለ ቅርጫት መኪና የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የማሽኑ ክንድ ረጅም ድጅኖ ነው። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቅርጫት ከማሽኑ ጠርዝ 8 ሜትር ርቆ ቢዘረጋ፣ ክብደቱ ከዚያው ጠርዝ 2 ሜትር ወደ ውስጥ የሚያርፍ ማሽን የክንዱ ክብደት ሳይታሰብ እንኳ ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ካልመዘነ ይገለበጣል። ተዳፋት ላይ ሲቆም ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ለኮምቦልቻ ሜዳ የሚስማማ ማሽን ለጦሳ ተራራ ግርጌ ላይስማማ ይችላል። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲህ ያለ ግዢ የሚያስብ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከዋጋው በፊት የመሬቱን ተዳፋትነት፣ የማረጋጊያ እግሮቹን ስፋትና ወደ ማሳው የሚያስገባ መንገድ መኖሩን ሊመረምር ይገባል።

ማሳው ጠባብ ለሆነ አርሶ አደር ቅርብ የሆነው መፍትሔ ሌላ ነው። ጫፉ ላይ መቁረጫና መረብ ያለው ረጅም ዘንግ ፍሬውን መሬት ሳይነካ ያወርዳል። የሚቆረጥ ከባድ ቅርንጫፍ በጠንካራ ገመድና በበከራ ታስሮ ቀስ ብሎ ቢወርድ ከሥር ያለውን ሰው፣ አጥርና ችግኝ ያድናል። የተዳቀለ ማንጎና አቮካዶ ደግሞ ከልጅነቱ እየተገረዘ ዝቅ ብሎ እንዲያድግ ከተደረገ መውጣት ራሱ ይቀራል።

አርኪሜደስ ያረጋገጠው ሕግ ጉልበት በነፃ አይሰጥም፤ በርቀት ይመነዝረዋል እንጂ። ይህን ምንዛሪ የሚያውቅ አርሶ አደር ገመድ ይረዝምበታል፤ ነፍሱን ግን ቅርንጫፍ ላይ አያንጠለጥልም።