እስረኞችን ያስፈታ ዝማሬ

ጌዎርግ ፍሪድሪክ ሃንደል እ.ኤ.አ. በ1685 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃለ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሕግ እንዲማርለት ቢመኝም የልጁ ልብ ወደ ዜማ አዘነበለ። በወጣትነቱ በሮም ለካርዲናሎች መንፈሳዊ ዜማ ደረሰ፤ በኋላም ኑሮውን በለንደን አደረገ።

በ1737 ዓ.ም. ጽኑ ሕመም ቀኝ እጁን ለጊዜው አሰነፈው፤ የቲያትር ሥራውም ከሰረ። ይሁን እንጂ በ1741 ዓ.ም. ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተውጣጣውን «መሲሕ» የተባለውን ታላቅ ድርሰት በ24 ቀናት ፈጸመ።

ድርሰቱ በመጀመሪያ የተሰማው በሚያዝያ 13 ቀን 1742 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ነው። የዘመሩት የከተማይቱ የሁለቱ ካቴድራሎች መዘምራን ነበሩ። ገቢው ለሁለት የሕሙማን ቤቶችና በዕዳ ለታሰሩ ድሆች ተከፈለ፤ 142 እስረኞችም ነፃ ወጡ። ከ1750 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን ተጥለው ለተገኙ ሕፃናት ማሳደጊያ በየዓመቱ ያሰማው ነበር፤ ዓይኑ ከታወረ በኋላም ይህን በጎ ሥራ አልተወም። በ1759 ዓ.ም. በቅዳሜ ሹር ዕለት ዐረፈ።

በዱቦ ቤተ ክርስቲያኑና የሕሙማን ቤቱ ጎረቤታሞች ናቸው። መዘምራኖቻችን በበዓል ቀን የሚያሰሙት ሃሌ ሉያ ምሉዕ የሚሆነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ከበሽተኛው አልጋና ከእስረኛው በር ሲደርስ ነው።