ጦጣው ያልነበረበት ጉዞ

የጦጣውን ንጉሥ የሰን ዉኮንግን ፊልም አይታችሁ ወይም ጌሙን ተጫውታችሁ ይሆናል። ደመና ላይ እየበረረ በዱላው ጭራቅ የሚያባርረውን ማለቴ ነው። ታሪኩ ውስጥ ፈረስ ላይ የሚሄድ አንድ መነኩሴም አለ፤ በየደረሰበት ጭራቆች የሚይዙት፣ ጦጣው ካልደረሰለት የማይሆንለት። ይህ መነኩሴ በእውን የነበረ ሰው ነው። ስሙ ሹዋንዛንግ ይባላል። በእውነተኛው ጉዞው ላይ ግን የሚያድነው ጦጣ አልነበረም።

የዛሬ 1,400 ዓመት ገደማ ቻይና ውስጥ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ገዳም ገባ። እያደገ ሲሄድ አንድ ነገር እረፍት ነሳው። ከህንድ ቋንቋ ወደ ቻይንኛ የተተረጎሙት የቡድሃ ትምህርቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። አንዱ መምህር አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ሌላው ሌላ። በመጨረሻ ራሱ ህንድ ሄዶ ከምንጩ ለማንበብ ወሰነ።

ችግሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ታይዞንግ ከአገር መውጣት ከልክሎ ነበር። ሹዋንዛንግ በሃያዎቹ ዕድሜው ላይ እያለ፣ ቀን እየተደበቀ ሌሊት እየተጓዘ ያለ ፈቃድ ወጣ። በረሃ ውስጥ የውሃ ስልቻው ከእጁ አምልጦ ፈሰሰ። ወደ ኋላ ትንሽ ከተመለሰ በኋላ ግን ህንድ ሳይደርስ ወደ ምሥራቅ አንድ እርምጃ ላይመለስ የገባው ቃል ትዝ አለው፤ ፈረሱን መልሶ ወደ ምዕራብ አዞረ። የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው አምስት ቀን ያህል ውሃ ሳይቀምስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ውሃ ያለበት ቦታ ያደረሰው ያ ሽማግሌ ፈረስ ነው።

ጋኦቻንግ ሲደርስ ደግሞ የአገሩ ንጉሥ ስለወደደው አልለቅህም አለው። ሹዋንዛንግ ምግብ አቆመ። ንጉሡ ደንግጦ ስንቅና ደብዳቤ ሰጥቶ ሸኘው።

ከዓመታት በኋላ ቦድ ጋያ ደረሰ። ቡድሃ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እውነትን አገኘ የሚባልበት፣ ለቡድሂስቶች ከሁሉ የከበረ የመሳለሚያ ቦታ ነው። ሹዋንዛንግ ዛፉ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ አለቀሰ። ለቅሶው ግን የደስታ አልነበረም። ቡድሃ በሕይወት በነበረበት ዘመን ባለመኖሩ፣ ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ በመምጣቱ አዝኖ ነው።

ተሳልሞ ብቻ አልተመለሰም። ናላንዳ በሚባለው ታላቅ ገዳም ከሽማግሌው መምህር ከሺላባድራ ሥር ለዓመታት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ645 ወደ ቻይና ሲመለስ 657 መጻሕፍት በ20 ፈረስ ጭኖ ነበር። ያኔ መውጣት የከለከለው ንጉሠ ነገሥት በክብር ተቀብሎ ሹመት አቀረበለት። እሱ ግን ሹመቱን ትቶ እ.ኤ.አ. በ664 እስኪሞት ድረስ ሲተረጉም ኖረ። ያየውን ሁሉ፣ ከቦታ ቦታ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ሳይቀር፣ በመጽሐፍ አስጻፈ።

በኋላ ቡድሂዝም በተወለደበት አገር ተዳከመ፤ ናላንዳም ፈርሶ ስሙ ተረሳ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ከኒንግሃም የሹዋንዛንግን መጽሐፍ ይዞ፣ ርቀቱን እየለካ ፍርስራሹ ናላንዳ መሆኑን ለየ። ዘግይቼ መጣሁ ብሎ ያለቀሰው መነኩሴ፣ ከእሱ 1,200 ዓመት ዘግይተው ለመጡት መንገድ አሳየ።