ወፍጮ የፈጨው ሊቅ፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሕይወት



የእኔ ሥራ ሒሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙኝ የቁጠባና የብድር ሠንጠረዥ ይዤ ነው። ዛሬ ግን የአንድ ሰው ሕይወት ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ። ምክንያቱን ላስቀድም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት አባላችን ከድንገተኛ ብድር ሣጥናችን ገንዘብ ወሰደች። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ምክንያት የልጅ ሕክምና ይላል። የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ግን ራሷ መጥታ እውነቱን ነገረችን። ገንዘቡ የሄደው አንድ ዐዋቂ ዘንድ፣ ለገብስማ ዶሮና ለመተት ማስፈቻ ነበር። ልጁ የዳነው በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነው። ስብሰባችን ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቻችን ክርስቲያን ሆና እንዴት እንዲህ ታደርጋለች ብለን ወረድንባት። ከፊሎቻችን ደግሞ አያት ቅድመ አያት ሲያደርገው የኖረ ነው፣ ሁሉም መጨረሻው አንድ ነው፣ ይተው አልን። እኔ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ከጨዋነት የመጣ አልነበረም። እናቴ ማተቧን አስራ፣ ጾሟን ጾማ፣ በየዓመቱ ደግሞ ለአድባር ቡና ስታፈላ እያየሁ ነው ያደግሁት። የቱ ከቤተ ክርስቲያን፣ የቱ ከሰፈር ልማድ እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የአገራችንን ሰው፣ የአባ ጊዮርጊስን ሕይወት እንደገና ማንበብ የጀመርሁት።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1365 አካባቢ፣ ሰግላ በሚባል ስፍራ ነው። ስለዚህም ጊዮርጊስ ዘሰግላ ይሉታል። ዘጋስጫ የተባለው ከእኛ ከወረኢሉ ወደ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ በቦረና ምድር በሚገኘው በጋስጫ ገዳም ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን መጻሕፍትን የተማረ ሰው ነበር፤ የሚያገለግለውም በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ዘመን ንጉሥ አንድ ከተማ ላይ አይቀመጥም፤ ሠራዊቱን ይዞ ከአገር አገር ይዞር ነበር። ታቦቱም ካህናቱም በድንኳን አብረውት ይጓዛሉ። ስለዚህ ልጁ ጊዮርጊስ ከደኅና ቤት የተወለደ፣ ትምህርት የሚጠበቅበት ልጅ ነበር።

አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላከው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ትልቅ የትምህርት ገዳም የሆነ ቦታ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ሐይቁ ከሩቅ ይታያችኋል። እኛ ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አንዘልቅም፤ ተሳልመን የምንመለሰው ከውጭ ነው። ስለ አባ ጊዮርጊስ የሚተረከው ነገር ግን ከበሩ ውጭ ላለነው ለእኛ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት።

ልጁ ትምህርቱ አልገባው አለ። ገድሉ እንደሚለው ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ጓደኞቹ ሲያልፉት እርሱ ባለበት ቀረ። መምህራኑ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቱ ሰደዱት። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልጅ አልቀበልም ብሎ መልሶ ላከው። ያኔ የተሰጠው ሥራ ለገዳሙ እህል መፍጨት ነበር።

እኅቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሞተር ወፍጮ ወደ ከተማችን ከመምጣቱ በፊት መጁን ይዘው ያደሩ እናቶቻችን ይህን ሥራ ያውቁታል። ክንድ ይዝላል፣ ጉልበት ይቆስላል፣ ዶሮ ሳይጮኽ ይጀመራል። በአገራችን ልማድ ደግሞ መፍጨት የሴትና የአገልጋይ ሥራ ነው። የንጉሥ ካህን ልጅ፣ የተማሪ ጓደኞቹ እያዩት፣ ወፍጮ ላይ ተጎነበሰ። ቀን ይፈጫል፤ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅሳል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን ተገልጣለት፣ በመልአኩ በዑራኤል እጅ የጥበብን ጽዋ እንዳጠጣችው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ማንም የማይደርስበት ሊቅ ሆነ። እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ልብ ያልሁት ቅደም ተከተሉን ነው። ጽዋው የመጣው ከወፍጮው በኋላ ነው። አላወቅሁም ብሎ ዝቅ ያለ ሰው ነው የተማረው።

ከዚያም እንደ አባቱ በቤተ መንግሥት አገለገለ። ንጉሡ ዐፄ ዳዊት ነበሩ። የንጉሡን ልጆች እንዳስተማረም ይነገራል። ያ ዘመን ስለ እምነት ብዙ ክርክር የነበረበት ዘመን ነው። በምሥራቅ የይፋት ሙስሊም ሱልጣኖች አሉ። በሰሜን ቤተ እስራኤል የኦሪትን ሥርዓት ይዘው ይኖራሉ። በየተራራውና በየዛፉ ሥር አሮጌው አምልኮ አልጠፋም። በክርስቲያኑ መካከል ደግሞ ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚለው ጥያቄ ገዳማትን ከፋፍሎ ነበር። ከግብፅ የሚላኩት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበርን አይቀበሉም፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ደግሞ ስለዚሁ ጉዳይ ተሰደዋል። አባ ጊዮርጊስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ከሚሉት ወገን ቆመ።

ትልቁ ክርክሩ ግን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር ያደረገው ነው። ጥያቄው ክርስቶስ ለፍርድ ሲመጣ የሥላሴ አካላት እንዴት ይገለጣሉ የሚል ነበር። ለእኛ የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእነርሱ ግን እግዚአብሔር ማነው የሚለው ጥያቄ ነበር። ቢቱ በቤተ መንግሥት የሚደመጥ ሰው ነበር። አባ ጊዮርጊስ ዝም ቢል ኖሮ የሚቀርበት ነገር አልነበረም። አልተወውም። በኋላም በቤተ መንግሥት ጠላት በዛበት፣ ተከሰሰ፣ ታሰረ። ወፍጮ ለለመደ ሰው እስራት አዲስ ውርደት አልሆነበትም ብዬ አስባለሁ።

ከጻፋቸው መጻሕፍት ሁላችንም ሳናውቀው የሰማነው ሰዓታት ነው። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ያ ዜማ ያለው ጸሎት የእርሱ ድርሰት ነው። አርጋኖን የሚባለው የእመቤታችን ምስጋና በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይጸለያል። ዋናው መጽሐፉ ግን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1424 የፈጸመው መጽሐፈ ምስጢር ነው።

መጽሐፉ በ30 ክፍሎች የተደራጀ ነው። በየክፍሉ አንድን የተሳሳተ ትምህርት ያነሣል፤ ያ ሰው ምን እንዳለ ይናገራል፤ ከዚያ ከቅዱሳት መጻሕፍት እየጠቀሰ ይመልሳል። አብና ወልድ መንፈስ ቅዱስም አንድ አካል በሦስት ስም ነው ላለው ለሰባልዮስ፣ ወልድ ፍጡር ነው ላለው ለአርዮስ፣ ድንግል ማርያምን ወላዲተ አምላክ አልልም ላለው ለንስጥሮስ መልስ ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች ከእርሱ 1000 ዓመት ገደማ ቀድመው፣ በእስክንድርያና በቁስጥንጥንያ፣ ባሕር ማዶም የኖሩ ናቸው። የእኛ አገር ሰው ግን ንግግራቸውን አጥንቶ መልስ ጻፈላቸው። የአገሩን ሰው የቢቱንም ትምህርት አልዘለለም። ክፍሎቹ በበዓላት ቀን በቤተ ክርስቲያን እንዲነበቡ የተዘጋጁ ናቸው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ለሊቃውንት ብቻ አልቀረም።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ለስላሳ አይደለም። በተቃዋሚዎቹ ላይ ቃሉ ይከብዳል። ዘመኑም ከባድ ነበር፤ በሃይማኖት ክርክር ሰው ይታሰራል፣ ይገረፋል። እኛ በወረኢሉ የምንኖረው ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ሐዘኑንም ሠርጉንም ተካፍለን ነው፤ ማኅበራችንም የሁላችን ነው። ስለዚህ ከእርሱ የዘመኑን ቁጣ አልወስድም። የምወስደው ሥራውን ነው። ሌላው ምን እንደሚል ሳያውቅ አልፈረደም፤ ሲያውቅ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው ብሎ አልተኛም።

አባ ጊዮርጊስ ያረፈው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1425፣ ሐምሌ 7 ቀን ነው። ዕለቱ የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ነው። ስለ ሥላሴ ሲከራከር የኖረ ሰው መታሰቢያው ከሥላሴ በዓል ጋር ሆነ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1450፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲሰበስቡ የሁለቱ ሰንበታት ነገር እርሱ በቆመበት በኩል ተወሰነ። በሕይወቱ ሳለ ግን ይህን አላየም።

አሁን ወደ ብድሩ ልመለስ። በመዝገባችን ላይ የተሳሳተ ምክንያት ሲጻፍ ጥፋቱ የጻፈችው ብቻ አይደለም። እውነቱን ብትናገር እንደምንወርድባት ታውቅ ነበር። ወረድንባትም። ሌሎቻችን ደግሞ ይተው ስንል ሳንመረምር አለፍን። ሁለቱም ወገን ጥያቄዋን አልሰማም፤ ልጇ ሊሞትባት ነው ብላ ፈርታ ነበር፤ ለፍርሃቷ መልስ የሰጣት ዐዋቂው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግሁ። በቀጣዩ ስብሰባ ዝም ማለቴን ተናግሬ እኅታችንን ይቅርታ ጠየቅሁ። ዕዳዋን በየወሩ እየከፈለች ነው፤ መዝገቡም በፈቃዷ ተስተካክሏል። ከዚያም እናቴን ስለ አድባሩ ቡና ጠየቅኋት። መልስ አልነበራትም፤ እርሷም እናቷን ጠይቃ አታውቅም። አብረን የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። ረጅም ጊዜ አስረዱን፤ አንዳንዱ ነገር ለእናቴ ከብዷታል፤ እኔም አልቸኮልኩባትም። ሙስሊም እኅቶቻችንም ስለ ዐዋቂ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳላቸው፣ ሼኾቻቸውን ሊጠይቁ እንደተነሡ ነግረውኛል።

እህል በአንድ ዙር አይደቅም። ደጋግሞ መፍጨት ይፈልጋል። ለሐምሌ 7 ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ እኅቶቼ፣ ካህናቱ የዚህን ሰው ስም ሲያነሡ ከሊቅነቱ ጋር ወፍጮውንም አስቡለት።